ሁለት ፍሬ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውኃ የምትመጣው ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ።
ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ነገ ሐኪም የምንባል፤
አንድ ምድጃ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ ሳል።

ሳሉን ቢፍቱ አመጣችው፣ መስኮቱ ከማይከፈት ሚኒባስ፤
አምስት ሰው በአንድ ወንበር፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሲዋዋስ።
በሁለተኛው ቀን እኔ ጋ ደረሰ፤ በሦስተኛው አሳለች ሶልያና፤
ጉሮሮ ለጉሮሮ ተያየን በስልክ መብራት፤ ነገ ደግሞ ፈተና።

«ቫይረስ ነው» አለች ሶልያና። «ነው» አልኳት። ማን ያጣዋል?
ፋርማኮሎጂ ‹ኤ› ላመጣ ሰው ይኼ መቼ ይጠፋዋል?
ያለማዘዣ አይገዛም፤ የተጀመረ አይቋረጥም፤
የተረፈ አይቀመጥም፤ ለጓደኛ አይሰጥም።
ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሱን እንኳ አንድ በአንድ እንደረድራለን፤
እኛ እኮ እናውቃለን።

ከዚያ እጄን ከአልጋው ሥር ሰደድኩ፣
ጓደኛው የጠፋበት ካልሲ ውስጥ፤
አሞክሳሲሊን፣ ከአምናው የጥርስ ሕመሜ የተረፈ፣ ስምንት ፍሬ።
ለሦስት ሰው ሁለት ሁለት። ሁለት ይተርፋል።
«ለፈተናው ብቻ ነው» አለች ቢፍቱ፣ ውኃ ከጀሪካን እየቀዳች።
ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላፈረም፤ ዋጥን።

ቢፍቱን ሳሉ አልለቃት አለ፤ ፋርማሲ ወረድኩ ጋውኔን አንጠልጥዬ፤
ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሣ፣ ገና «እባክህ» ብዬ።
«ለዶክተር ደግሞ ምን ማዘዣ!» ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤
ዶክተር ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቁመት የጨመርኩ መሰለኝ።
ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች።
«ለኔም» አለች፣ «ዶክተሯ የወሰደችውን።»
ሰጣት። ልጁ በጀርባዋ ላይ ያስላል።
አፌን ልከፍት ነበር፤ ወያላው «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ሲል ሮጥኩ።

አቶ ዱጋሳ ግንበኛ ናቸው፤ እግራቸውን ሚስማር ወጋቸው።
የሰፈር ክኒን ዋጡ፤ ሲሻላቸው አቆሙ፤ ሲብስ ሌላ ዋጡ፤
አሁን አሥራ ሰባት ቀናቸው ነው፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ።
የላብራቶሪው ወረቀት መጣ፤ በግራ የመድኃኒቱ ስም፣ በቀኝ አንድ ፊደል፤
ከላይ እስከ ታች ያው ፊደል፣ እንደ ሚስማር የተመታ።
«ተላምዷል» አለ ሬዚደንቱ።

ተላመደ። እንዴት ያለ የጎረቤት ቃል ነው!
ሙሽራ አማቷን ትላመዳለች፣ ጥጃ ገመዱን፤
እኛም ደረቁን ቧንቧ ተላምደናል።
እሱም እንዲሁ፣ ሳይቸኩል፣
ሁለት ሁለት ፍሬ እየቀመሰ።

«ማን አለማመደው?» ሲሉ ጠየቁ ፕሮፌሰሯ። እጄን አወጣሁ።
ከነምክንያቱ፣ ከነቁጥሩ መለስኩ። «ጎበዝ» አሉኝ።
አቶ ዱጋሳ ከትራሳቸው ቀና አሉ፤
«ልጄ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ መሰለኝ፤ ምን ተባለ?»
ስቴቶስኮፔን አስተካከልኩ፣ ያልተጣመመውን።

ስመለስ መሽቷል። የመንገድ መብራት የለም፤
ከፎቁ ሥር የፋርማሲው አረንጓዴ መስቀል ብቻ ይበራል።
«ዶክተር!» ብሎ እጁን አውለበለበ ባለቤቱ።
ያቺን ልጅ ያዘለች ሴት በዓይኔ ፈለግኳት፤
የትኛው ብሎክ ላይ እንደምትኖር እንጃ።
ከየመስኮቱ ሳል ይሰማል፤
ወይም ዛሬ ለእኔ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ሌሊት፣ በጨለማ፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር።
ባላውቅ ኖሮ ቀሎኝ አድር ነበር፤ አለማወቅ ትራስ ነው።
«ካልሲው ውስጥ የቀረ አለ?» አለች ሶልያና፣ ፊቷን ሳታዞር።
«የለም» አልኳት።

ሁለት ፍሬ አለ።
ካልሲውን ጠቅልዬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት፤
አልጣልኩትም።