አልጋው ላይ የቀረው ካርድ

ብርኖ ላይ በረዶ ጥሏል፣ ትራሙ ሲታጠፍ ይጮኻል፤
ድራሆሚራ ትጠራኛለች፣ ሻይዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል።
«ኦታካር፣ እይ እስቲ» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለበት፤
እኔ ግን ያን ዝግታዋን ከቁጣ ይልቅ ፈራሁት።

የሰርቨሩ መዝገብ እነሆ፣ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል፣
የሆስፒታሉ ሕሙማን ስም ከነምርመራቸው ሰፍሯል፤
የአንዲት መምህርት ኩላሊት፣ የአንድ ልጅ የሚጥል በሽታ፣
ሦስት ወር ሙሉ ሲጻፍ ከርሟል፣ ቀን ሳይል ማታ፣
ምስጢር በማያድርበት፣ ማንም ገልጦ በሚያይ ቦታ።

ግን እኮ ምልክት አድርጌያለሁ! ጥቅልሏን ፊደል አስቀድሜ፣
«ዛቪናች» ትባላለች እዚህ፣ በሆምጣጤ የከረመ ዓሣ፣
ሽንኩርት አቅፎ የተጠቀለለ፤ «ምስጢር» ብያለሁ ደጋግሜ፤
አንድ ጊዜ እንኳ አልረሳሁም። ታዲያ ማን ነው የረሳ?

ጣቷን ከስክሪኑ አሳረፈች፦ «ይህ ምልክት የተሰፋው
ለመረጃው ገላ ነበር፤ አንተ ከክላሱ አናት ሰቀልከው።
መዝገብ ጸሐፊው ፕሮግራም ቀና ብሎ እዚያ አያይም፤
ያላየውን ትእዛዝ ደግሞ አይፈጽምም፣ አይጥስም።»

«ኮምፓይለሩስ ለምን ዝም አለ?» አልኩ፣ ጥፋቴን ላካፍለው።
«ምን ደንብ ሰጠነውና ይናገር? የትም ይለጠፍ ያልነው
እኛው ነን።» ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የማሽን ዝምታ ግን
ዕዳ ነው፣ ወለዱ ሌት የሚያድግ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚያፍን።

ከዚያ፣ ሳልጠይቃት፣ አባቷን አነሳች።
ኦስትራቫ ጉድጓድ ውስጥ የኖረ፣ ሳንባው ከሰል የጠጣ፤
ፔኒሲሊን አይስማማውም። ነርሷ በቀይ ቀለም ጽፋ
ካርዱን ከአልጋው ብረት አሰረች፣ ከራስጌው፣ ጎላ አድርጋ።
ሌሊት ክፍሉ ተጨናነቀ፤ በቃሬዛ ሌላ ፎቅ ወሰዱት።
ካርዱ ከአልጋው ጋር ቀረ።
«አልጋውን» አለች ድራሆሚራ፣ «ማንም መርፌ አልወጋውም።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምልክቱ ወደተወለደበት
ፋይል ወርዳ አንድ መስመር ጻፈች፣ ለምልክቱ ምልክት፦
ከመረጃ መስክ በቀር፣ የትም፣ በማንም እጅ እንዳይለጠፍ።
ቁልፉን ተጫነች፤ ቆምን፣ ኮምፓይለሩ እስኪለፍፍ።

ለፈፈ። አርባ አንድ ቦታ ቀላ፣ አርባ አንድ ከንቱ መለያ፣
በር ላይ፣ ጣሪያ ላይ የዋለ፣ ዓይን ባላረፈበት መስቀያ።
አንዱ ተግባር ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ ባዶ ክላስ አናት፤
አንዱን የሰቀለው ልጅ ለቆ ሄዷል፣ አድራሻም የለበት።
«ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» ቮይቴክ ከጥግ አጉረመረመ።
«ትናንትማ አልተናገረም እንጂ፣ መች ደኅና ሆኖ ከረመ?»

ከአርባ አንዱ አንዱ የእሷ ነበር፣ የስድስት ዓመት ዕድሜ ያለው።
ስሟን አየች፣ ቀኑን አየች። ከሁሉ አስቀድማ ነቀለችው።

ሲመሽ፣ ለሕሙማኑ ደብዳቤ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው።
«ይቅርታ» የምትለውን ቃል ከራስጌው ላይ ጻፍኳት፣ አንዴ፣
ለሁሉም በጅምላ።
ትራሙ በመስኮቱ ሥር አለፈ።
ጠቋሚውን መለስኩና አጠፋኋት፤
ከመጀመሪያው ስም ጎን ጀመርኩ።