አንድ ሉክ ካርቦን

ከቀሃ ማዶ ነው ቤታችን የነበር፤
ምሳ ዕቃ ታቅፌ ቁልቁለቱን ስበር፣
እናቴ ከደጃፍ፦ «ቀስ በል፣ ወጡ እንዳይፈስ፤
ትኩሱን ይብላልኝ፣ ቀትር ሳይሆን ድረስ።»

ዘቡ ከእስር ቤቱ በር ስም ይጠይቀኛል።
«ዋኘው አጥናፌ።»
«እሺ» ይለኛል።
ዋርካው ሥር ቁጭ ብዬ ጠጠር እቆጥራለሁ፤
ሰዓቱ ሲሞላ ባዶውን እወስዳለሁ።

ባዶ፣ ያውም የታጠበ።
እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታሸትታለች፤
«በላልኝ» ትላለች።
«ዛሬም ጨርሶታል» ትላለች ለጎረቤት።
ወንድሜ እንዲህ ሆኖ በላ አምስት ወራት።

አትጠገብ ታዬ። ክፍል ቁጥር አራት፣
ፒያሳ፣ ጣሊያን የሠራው ፎቅ ላይ ናት።
ጣቷ ሰማያዊ፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም፤
በእሷ እጅ ያላለፈ ደብዳቤ የለም።
ሹመትና ዝውውር፣ የሳሙና ራሽን፣
የጎማ ጥያቄ፣ የተሰበረ ማሽን፣
ሁሉንም በአንድ ድምፅ ስትቀጠቅጥ ውላ
ቤቷ ትገባለች ጣቷን ሸማ ውስጥ ጠቅልላ።

አንድ ማክሰኞ ግን፣ ራስጌው ቀይ ማኅተም፦
«ጥብቅ ምስጢር»። ከሥሩ አርባ አንድ ስም።
ከስሞቹ ግርጌ አንዲት አጭር መስመር፣
«እርምጃ ተወስዷል»፣ ከቀኑ ጋር ጭምር።
ቀኑ ያለፈ ነው፤ አምስት ወር ሆኖታል።
ምሳው ግን ዛሬም በዚያው በር ገብቷል።

መተየቧን ትታ በመስኮት ቁልቁል አየች፤
እናቶች ይወርዳሉ፣ የነጠላ ጫፍ ውስጥ ትኩስ ሳህኖች።
ከመሳቢያዋ አዲስ ካርቦን ሳበች።

አሮጌ ካርቦን ላይ ደብዳቤ ደብዳቤን ይረግጣል፣
አይነበብም።
አዲሱን ግን ለብርሃን ሲይዙት
አርባ አንዱም ይታያሉ፣
በዝናብ ቀን፣ ጉም በያዘው መስታወት ላይ
ጣት እንደጻፈው።

ዘበኛው ቦርሳዋን ፈተሸ፦
ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ ግማሽ ዳቦ።
ተረከዟን አላየም።

ማታ እኛ ቤት መጣች። ኩራዙን አስጠጋች።
«ማንበብ ትችላለህ?» ብላ እኔን ጠየቀች።
እችል ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ጮክ ብዬ አነበብሁ፣ አስተማሪ ፊት እንደማነበው።
ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ
ድምፄ ራሱ ቆመ።

እናቴ አላለቀሰችም።
«ታዲያ ማን ነው የበላው?» አለች።

ለቅሶ ክልክል ነበር፣ ድንኳን አልተተከለ።
በማግስቱ ግን ከአርባ አንድ ቤት አንድም ሳህን አልመጣ።
ያን ዕለት የራበው ዘቡ ብቻ ነው።

ንብረት ክፍል ቆጠረ።
ወጪ፦ ሁለት ሉክ። ተመላሽ፦ አንድ።
ዝርዝሩ የለም ተብሏልና ስለ ዝርዝሩ አልከሰሷትም።
«የመንግሥት ንብረት ማጉደል» አሉ፤
ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ለአንድ ሉክ ካርቦን።

ከእስር ስትወጣ እናቴ መንገድ ተሻገረች።
«ምናለ ባትነግረኝ፤ ልጄ ይበላ ነበር» አለች።
ይህንን ቃል ሃያ ዓመት አልለወጠች።

አትጠገብ ዛሬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣
ጃንጥላ ዘርግታ ከዝናብ ከፀሐይ፣
ማመልከቻ ትጽፋለች ለመጣው ባለጉዳይ።
ሒሳቧን ተቀብላ አንድ ነገር ትላለች፦
«ቅጂ አስቀር፣ ልጄ።»
አሁን የሰፈሩ ሰው ልማድ ሆኖበታል፣
ፊርማው ሳይደርቅ ገና ቅጂ ይጠይቃል።
«ምን ያደርግልሃል?» ይላል ሹሙ ተቆጥቶ።
«እንዲሁ ነው» ይላል፤
አይሄድም ግን ትቶ።

እናቴ ልትሞት ስትል ምሳ ዕቃውን ጠየቀች።
«ለዚያች ሴትዮ ስጣት» አለች።
ላነሳው ስል ደግሞ እጄን ያዘችኝ፦
«ባዶውን አይደለም።»

ሞልቼ ወሰድሁላት።
ጃንጥላው ሥር ቁጭ ብላ ዝም ብላ በላች።
ስለ ማንም አላነሳን።
«ጠገብሁ» አለች አትጠገብ፣ ክዳኑን ገጥማ ሰጠችኝ።
ድልድዩ ጋ ስደርስ ከፈትሁት።
ሩብ ያህል ተርፎ ነበር፤
ሳህኑም አልታጠበም።