ቀንዱ ከጆሮው ሲያልፍ

ከወለቃ ማዶ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ሌሊት ወርደን አደርን፣ ደረታችን ባፈር።
እኔና አያ ሙሔ፣ ልጄ ቢያድግልኝም፣
አንድ ምንሽር ይዘን፤ ጥይቱ ሦስት ነው፣ አራተኛ የለኝም።

ስምምነት አለን፣ ከሙሔ ጋር የቆየ፣
ሃይማኖት ለሁለት ሥጋውን ስለለየ፦
ዘንድሮ የኔ ቢላ፣ ከርሞ የሱ ካራ፤
ያረደው ሥጋውን፣ ሌላው ቆዳና ቀንዱን፣ ተካፍለን በተራ።
ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንተሳሰብ
ተጣልተን አናውቅም በአንድ ሙዳ ስብ።

ፀሐይ ብቅ ስትል ከለጋምቦ በኩል፣
አንድ ድኩላ ወጣ ከቀጋው መካከል።
ወንድ ነው፤ ግን ቀይ ነው፣ ጀርባው ያልጠቆረ፣
በዕድሜ ጥላሸት ገና ያልተነከረ።
ቀንዱም ሁለት እሾህ፣ ሁለት የግራር ጫፍ፣
ከጆሮው ያላለፈ፣ ለማለፍ የሚጣደፍ።

አባቴ ደንብ ነበረው፣ ከንፈሩ ሳይላቀቅ
በጆሮዬ ያለኝ፣ እንዲህ አድፍጠን ስንጠብቅ፦
«ቀንዱ የጆሮው እጥፍ ካልሆነ፣ ተወው፤
ጣትህን ከቃታው አውጣና ጢምህን እከከው።»
ጢም አልነበረኝም ያን ጊዜ። አገጬን አከኩት፣
ድኩላው ዘወር ብሎ ሲሄድ እያየሁት።

ዛሬ ግን ምንሽሩ ያለው በልጄ ትከሻ፣
ድምፁ መሻከር የጀመረው ባምናው ኅዳር መጨረሻ።
ወደኔ ሳይዞር «ልተኩስ?» አለኝ በሹክሹክታ፣
ጣቱ ደም አጥቷል፣ ተጣብቆ ከቃታ።

ዝም አልኩ።

አያ ሙሔ ግን ዝም አይልም፤ በሆዱ ተስቦ፦
«ምን ታስባለህ አንተ? ቤትህ ያለው ጠግቦ ነው ተርቦ?
ተወው ልትለው ነው? ማን ይተወዋል ሌላው?
የማዶው ጓንጉል ነው ዛሬ ማታ የሚበላው።
ዱሩ አጥር የለው፣ ድኩላው ምልክት የለው፤
ብትምረው፣ የምትምረው ለጓንጉል ድስት ነው።»

እውነቱን ነው። አምና የተውኩትን፣ ጆሮው የተተለተለ፣
ቆዳውን መካነ ሰላም ገበያ አየሁት፤ መሬት ተዘርግቶ ዋለ።
ዋጋ ጠየቅሁ፣ ሳልገዛ። በጣቴ ጆሮውን ዳሰስኩ፤
ነጋዴው «እንደ ጥጃ ለስላሳ ነው» አለኝ። ዝም ብዬ ተመለስኩ።

ግን ደግሞ እውነቱ ይህ ብቻ ከሆነ፣
ጥቁሩ፣ አውራው ድኩላ ወዴት ተነነ?
ሦስት ክረምት አለፈ ጩኸቱን ካልሰማሁ፣
ሴቶቹ ያለ አውራ ሲግጡ በዓይኔ እያየሁ።
ሁላችን «ሌላው ይገድለዋል» እያልን ነው የገደልነው፤
ለጓንጉልም እኮ፣ «ሌላው» የሚባለው እኔ ነኝ፣ ሙሔ ነው።

ልጁ ይጠብቃል። ትንፋሹ ሣሩን ያወዛውዘዋል፣
ምንሽሩ ቁመቱን ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል።
እናቱ ሁለት ቀብራ ነው ይህን ስም ያወጣችለት፤
ስም አይደለም፣ ልመና ነው፤ በጠራነው ቁጥር የምንማለድበት።

«ቢያድግልኝ» አልኩት።
ሌላ ቃል አልጨመርኩ። አትተኩስ አላልኩት።

ስሙን ይሁን ምኞቴን፣ የቱን እንደሰማ አላውቅም፤
ጣቱን ከቃታው አወጣ። አገጩን ግን አላከከም።

ነፋሱ ዞረና ሸተትነው መሰለኝ፣ ቀና አለ ድኩላው፣
አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ነጭ የጭራውን ውስጥ ገልብጦ ወረደ ወደ ቆላው።

አያ ሙሔ ተነሣ፣ አፈሩን ከደረቱ አራገፈ፤
«ዘንድሮ ቢላህ ጦሟን አደረች» ብሎኝ፣ ሳቀም፣ አኮረፈ።
ወደ ቤት ስንወጣ ሦስቱም ጥይት በኪሴ ይንኳኳል፤
ዳገቱ ላይ ማንም ምንም አላለም።

ማታ፣ ከማዶ፣ አንድ ተኩስ ሰማን።
ልጄ ቁራሹን ከአፉ መለሰና፣
«ሌላ ይሆናል» አለ።
«ሌላ ይሆናል።»