ድምፅ በውሰት

ምርጫ ደረሰ አሉ። በየመብራቱ እንጨት
ፂም የተከረከመ የሰው ፊት ሰቀሉበት፤
ከሥሩ በቀይ ቀለም «ሥራ ለአገር ልጅ» ይላል፤
ፖስተሩን የሚሰቅለው ቤንጋሊኛ ያወራል።
ሙሐረቅ ሞቃለች፣ ጨው ጨው ይላል አየሯ፣
መስታወቱን ሁሉ አላበው ባሕሯ።

ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሩዝ ስለቅም ቁጭ ብዬ፣
በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ ሰፌዴን ጥዬ።
ታብሌት ያቀፈ ልጅ፣ ነጭ የለበሰ፣
አንገትጌው በላብ የራሰ፣
«ድምፅ ያለው ሰው አለ?» አለኝ በትሕትና።
«አለ» አልኩት በድምፄ። ድምፄን ሰማና
«ማለቴ መራጭ ነው» አለኝ አፈረና።

መራጯ ማማ ሙዛ ናት፣ የቤቱ እመቤት፣
ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣ ጆሮዋን ዕድሜ ወስዶት፣
የኔን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው በዚህ ቤት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥሯ ጮኼ ያለማመድኳት።

እና እሱ ያነባል፣ እኔ እጮኻለሁ፤
እሷ ትመልሳለች፣ እኔ አቀብላለሁ።

«ፖሊስ በየመንገዱ ወረቀት ይጠይቅ ወይ
የውጭ ሰው ሲያገኝ፣ በአውቶቡስ፣ በገበያ ላይ?»
ጎንበስ ብዬ ጮኽኩት።
«ይጠይቅ!» አለች። ይጠይቅ አልኩት።

«ፈቃድ የሌላትን ሠራተኛ የቀጠረ ቤት
በምክር ይታለፍ፣ ወይስ ቅጣት ይጣልበት?»
«ይጣልበት!» አለች፣ መቁጠሪያዋን አንድ ገፍታ።
እኔ ግን ወደ አማርኛዬ ሸፈትኩ ላፍታ፦
ፈቃድ በኛ ሁለት ነው። አንዱ በዓመት የሚታደስ፣
ማኅተም ያለበት፣ ከመሳቢያ የሚታሰስ፤
ሌላው የገዛ ልብ ነው፣
ማንም አምጪ ያላለኝ፣ ይኸው እስከዛሬ ድረስ።
ታዲያ ቅጣቱ የሚጣለው
የትኛውን ላጣ ነው?

«ሠራተኛ ብትሻ ቤት ልትቀይር፣
ያሠሪዋ ፊርማ ግድ ይሁን ወይስ ይቅር?»
ይህችን ስጮኻት ግን ድምፄ ሰለለብኝ።
«አልሰማሁም» አለች። ደገምኩት፤ ጨነቀኝ።
ኤሲው ጠብ... ጠብ... ይላል ከባልዲው ላይ።
ቆየች። እጄን ያዘች፣ ወደኔ ዞራ ሳታይ፤
«ግድ ይሁን» አለች። «አለበለዚያ ማን ይቀራል?»
እጇ ይንቀጠቀጣል።
እኔም ቃሏን እንጂ እጇን አልነገርኩትም፣
ታብሌቱም ለእጅ የሚሆን ቦታ የለውም።

«የመጨረሻው» አለ ልጁ። «በቤትዎ ወይ በሠፈር
ፈቃድ ሳይኖራት የምትሠራ ሴት ትኖር?»
ከጓዳ ካውያው ሽሽሽ አለ።
ሉባባ ናት፣ የከሚሴዋ፣ ከሪፋ ጠፍታ የመጣች፣
ፓስፖርቷን ካሠሪዋ ካዝና ትታ የወጣች፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የቤቱን ልብስ ተኩሳ
ሦስት ዲናር ጨብጣ በጓሮ የምትሄድ አጎንብሳ።
የቀጠረቻትም ይቺው፣
ቅጣት ይጣል ያለችው።

ልጮኽ ጎንበስ አልኩኝ። አፌን ሳልከፍተው፣
«የለችም!» አለች ማማ፣ ጥርት አድርጋ፣ ለሱው።

ገና ሳልጮህ!
ገና ሳላቀብል!
ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ሲቆስል፣
የተዘጋ መስሎኝ ጆሮዋን ስደበድብ ኖሬ፣
ገርበብ ብሎ ነበር፤ ያወቅኩት ገና ዛሬ።
ያቺን ሦስተኛዋን «አልሰማሁም» ስትለኝ
ድምፄ ሲሰበር ሰምታ፣ እንድደግም ፈለገችኝ?

ልጁ «የለችም» ብሎ ጻፈ። ጆሮው ግን ካውያው ጋ ነበር።
ታብሌቱን አጥፍቶ፣ ደፉን ሲሻገር፣
«አንቺስ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አይመዘገብም፣ ለራሴ ነው፤
ስለ ፊርማው ነገር ያንቺ ሐሳብ ምንድነው?»
አየሁት። ልጅ ነው። ፊቱ ላይ ክፋት የለው።
የገዛ ድምፄ መጣ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤
«አልሰማሁም» አልኩት።
እሱም አልደገመ።