ቃል ማጠፍ

ሳስካቱን፤ የጥር ወር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ከመኪናዬ ስወርድ ነፋሱ ገላመጠኝ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ይላል ሰሌዳው፤
እጄ ላይ ያለው ነው ከዚህም የበረደው፤
ናይትሮጅን እያጨሰ፣ በጠርሙሱ ውስጥ፣
ከጤፍ ፍሬ ያነሰ፣ እንደ ጨው የሚያብለጨልጥ፣
አንድ ቅንጣት ክሪስታል።
ሰባት ወር ለመንኩት፤ ሦስት መቶ ጊዜ እንቢ አለኝ።

ኦክሳና ህሪትሳክ፣ የጨረሩ ዘበኛ፣
የስንዴ ገበሬ ልጅ፣ ሌሊት የማትተኛ፣
«ዛሬም ያው ባክቴሪያ?» አለችኝ። «ያው» አልኳት።
ቅንጣቷን በመርፌ ጫፍ ከመንገዱ አቆምኳት።
ከግድግዳው ወዲያ ኤሌክትሮን ክቡን ሜዳ ይጋልባል፤
በታጠፈ ቁጥር ብርሃን ያንጠባጥባል።
እኛ የዚያ ጠብታ ለማኞች ነን።

ፕሮቲን ሲወለድ ክር ነው፤ ርዝመት ብቻ፣ ከንቱ ሀብት፤
ካልታጠፈ በቀር ጀርባም የለው፣ ፊት።
ታጥፎ ነው የሚቆም፣ ታጥፎ ነው የሚሠራ፤
ግን ይቸኩልና፣ ድኝ ከድኝ ሲጠራራ፣
ትምህርት ቤት እንደረፈደበት ልጅ ሸሚዝ፣
አንዱ ቁልፍ የሌላውን ቀዳዳ ሲይዝ፣
አንገቱ ይጣመማል፤ አንድ ጎኑ ይንጠለጠላል፤
ታሞ ይውላል።

ያኔ ነው ሚዜው የሚደርስ።
በሁለቱ ቆዳ መሀል፣ በሴሉ ጠባብ ጓሮ፣
መንታ ሆኖ ይኖራል፣ ወገብ ለወገብ ተሳስሮ፤
ሁለት ክንዱ ወደ ላይ፣ እንደ ጎጆ ባላ፤
መሀሉ ክፍት ነው፣ ውሃ የሚጠላ፣
የተጣመመ ሁሉ የሚጠጋበት።
በየክንዱ ጫፍ ላይ ድኝ አለ፣ ሥራ የፈታ፣
የተሳሳተ ቋጠሮ ዳብሶ የሚፈታ።
የሌላውን ስህተት በራሱ ላይ ቋጥሮ፣
ለአፍታ ከበሽተኛው ጋራ አብሮ ታስሮ፣
ከዚያ መልሶ ይለቀዋል፤
ልኩን ይዞ እንዲሄድ ይተወዋል።
ሠርጉ ሲያልቅ የሚዜውን ስም ማን ይጠይቃል።

በአማርኛ ግን ማጠፍ ሌላ መልክ አለው።
ቃሉን ያጠፈን ሰው ማን ቆጥሮ ሰው አለው?
ትናንት ከሰዓት ምዕራፍ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ግብ ጠባቂዋ፣
በብረት ጭንብሏ ውስጥ ወደ ወንበሮቹ ነበር ዓይኗ።
«እመጣለሁ» ብያት ነበር።
ክሪስታሉን ሳቀዘቅዝ መሸብኝ።
ማታ ስልኬ ላይ ጻፈች፣ ፊደል እያሳሳተች፦
«ቃልሺን አጠፍሺ።»
ሌላ ነገር አልጨመረች።

አጥፌያለሁ። ግን አጥፎ ማዳንና አጥፎ መግደል
እንዴት በአንድ ግሥ ሥር ይኖራሉ?
እኔስ የየትኛው ነኝ?

«ነይ እይ» አለች ኦክሳና።
በነጭ ሰፌድ ላይ ኑግ የተዘራ መስሎ፣
ነጥብ ከነጥብ ጀርባ በሰልፍ ተከትሎ፣
ስክሪኑን ሞልቶታል።
ሊነጋ ሲል ካርታው ወጣ፤ ሰማያዊ መረብ።
ባላው ባዶ አልነበረም።
አንድ የተጣመመ ክር፣ እንደተኮራመተ፣
በአንዲት ድኝ ከሚዜው እጅ እንደተጎተተ፣
ሥራቸው ሳያልቅ አብረው በርደው ቀርተዋል።
ኦክሳና ጓንቷን አወለቀች። «ያዝሻቸው» አለች።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ፤
ግን መኪናዬን ሳሞቅ ያ ረጅም «ሺ» ነበር የሚያየኝ።

እሑድ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ የሰፈሩ የበረዶ ሜዳ።
አባቷ ቦርሳውን ተሸክሞ ራቅ ብሎ ቆሟል።
እሷ አግዳሚው ላይ ናት፤
የግራ ጫማዋ ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ ዘሏል።
ሰላም አላለችኝም።
ተንበረከክኩ። ጣቶቼ እንደ ደረቀ እንጨት ናቸው።
እስከ ታች ድረስ ፈታሁት፤ ከታች ጀምሬ ቋጠርኩት፤
አንድ ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ፈታሁት።
አላመሰገነችኝም።
እግሯን ግን አልሳበችም።