ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሱቆቹ በሙሉ መዝጊያ ጥለዋል፣
ሊፍቱ ከሰባተኛ እንዳይወርድ፣ ጋሽ ደበሌ በሩን በጡብ ደግፈዋል።
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ገባሁ፣ ሜትሬን ዘርግቼ፣
ይቺን የብረት ሣጥን እንደ ሙሽራ ልለካ፣ ተንበርክኬ፣ ተነሥቼ።

ወርድ፣ አንድ ሜትር ከአሥር። ጥልቀት፣ አንድ ከአርባ።
ቁመት፣ ሁለት ከሃያ፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እንደ ጀማሪ ሌባ።
ወለሉ ካርቶን ነው፣ የአዳማ ንፋስ አቧራውን አምጥቶ ያስተኛበት፣
ግድግዳው ጭረት ነው፣ ቁልፍ የያዘ ሁሉ የልቡን የጻፈበት።
«መብራት ጠፋ፤ አርባ ደቂቃ» ይላል አንዱ። ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣
«እኔም አብሬህ ነበርኩ፤ ይኸው ወለድን ልጅ።»

ባለ ሕንፃዋ፣ ወይዘሮ አዱኛ፣ ትናንት በስልክ፦
«አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ግራናይት አድርጊልኝ፣ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ፣
መስታወቱ ከጣሪያ እስከ እግር፣ መደገፊያው ናስ፣ ልክ እንደ ዱባይ።
ተከራይ ሊፍቱን ሲያይ ይደንግጥ፣
ኪራዩን ሲሰማ ግን አይደንግጥ።»
«እሺ» አልኩ። እሺ ኪሎ የለውም፣ ገና ሳይለካ፣ ሳይቆረጥ።

ከመተላለፊያው መስኮት፣ ኮረብታው ላይ፣ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፣
«እነሱ ሲዞሩ እኛ ለምን እንጨልማለን?» ጋሽ ደበሌ ይጠይቃሉ።
ከታች፣ በጅቡቲ መንገድ፣ ተሳቢዎች ተሰልፈው ያልፋሉ፣
እነሱም ቢሆኑ ሚዛን ላይ ይቆማሉ፤ ትርፍ ከጫኑ ያራግፋሉ።

እዚህም፣ ከቁልፎቹ በላይ፣ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ አለች፣
«ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ» ትላለች።
ማንም አያነባትም፤ እኔም ስወጣ ስወርድ ልብ ብያት አላውቅም፣
ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ድምር ይሉኝታ አያውቅም።
ድንጋዩ ሰማንያ ሦስት፣ መስታወቱ ሠላሳ ስድስት ኪሎ፣
ናሱ አሥራ ስድስት፤ ሁለት ሰው ነው፣ ትንሽ ጎደሎ።

ድንጋይ ሲሳፈር ሰው ይወርዳል።
ማን ይውረድ?

ሰይፈዲን ልብስ ሰፊው፣ ጣቃውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚገባው?
ዘይቱና፣ አሥራ አራት ብርጭቆ ሻይ በአንድ ትሪ ይዛ፣ «አምስት»ን በክርኗ የምትነካው?
እማማ ብርቄ፣ ክሊኒኩ ስድስተኛ ላይ ሆኖባቸው፣
ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያምፅ ጉልበታቸው?
ወይስ ያ የወንጂ ሰው፣ ብድር ሊጠይቅ ሌሊት የተነሣ፣
ኮሌታውን አቃንቶ «ጤና ይስጥልኝ»ን ሦስት ጊዜ የሚለማመድ፣ እንዳይረሳ?

ጻፍኩ፦ መስታወት ይኑር፣ ከወገብ በላይ ብቻ፣ ለወንጂው ሰው።
ወለሉ ላስቲክ፣ አቧራው በአንድ ውልወላ የሚለቀው።
መደገፊያው እንጨት፣ ሰማንያ አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ፤
የእማማ ብርቄ እጅ እዚያ ነው የሚያርፈው።
አንዲት አምፖል፣ ባትሪ ያላት፣ መብራት ሲጠፋ የምትበራ፤
ጨለማ ሁሉንም አያጋባም፤ አለ የሚፈራ።

ደወልኩ። ኪሎውን ነገርኳቸው። ዝም አሉ።
ቆይተው፣ «ሁለት ሰው ስንት ብር ነው?» አሉ።
«እሱን አላውቅም፣ እትዬ። እኔ የማውቀው ኪሎውን ነው።»
«አስብበታለሁ።»
ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ደበሌ ጡቡን በእግራቸው ገፋ አደረጉ።
«አሮጌው ግድግዳ ሲነቀል» አሉ፣ «አንዷን ላሜራ ለእኔ።»
«የትኛዋን?»
«ያቺን፣ የተጻፈባትን። የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል።»
ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ፣ አልጠየቅኳቸውም።
ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር፣
አቧራ እንደገባው ሰው ዓይናቸውን እያሹ።