መላሽ ቱቦ

በተጎታች ታዝላ መጣች፣ እንደ ታመመች አሮጊት፣
የስልሳ ሰባት ሞዴል ሎረንሺያን፣ ወገበ ሰፊ፣ ደረተ ኩሪት፤
ቀለሟ የአተር እሸት፣ ጠርዟን ዝገት የበላው፣
ሽታዋ ግን ቤንዚን፣ ገና ከበር ጋራዡን የሞላው።

«ብርድ ሲመጣ ትታፈናለች» አሉኝ ወይዘሮ ዳርካ፣
«ኦረስት ሳለ ያውቅባት ነበር፣ በልክ ሲረግጥ፣ በልክ ሲነካ።
ሦስቴ ረገጥ ረገጥ፣ ትንሽ ቆየት፣ ከዚያ ቁልፉን ዞር፤
እኔ ስረግጣት ሳል ብቻ ነው፣ ከሳሉ ወዲያ ኩርፊያ እንጂ የለም ሌላ ነገር።»

ሌዝብሪጅ ነው አገሩ። ነፋሱ ሥራ አይፈታም፤
የምዕራቡ በር ተከፍቶ ካደረ ቆርቆሮ እንኳ አያስተኛም።
በጥር ብረት በባዶ እጁ የነካ ሰው
ቆዳውን ለመፍቻው አበድሮ ነው የሚመለሰው።

ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ሆዱ ዝቃጭ ለብሷል፤
ተንሳፋፊው ደክሞታል፣ መርፌው ጫፉ ጎብጧል።
ይህን ሁሉ ዘመን በግምት ሲቀዳ፣
እንደ ደግ ባለቤት ሳይሰፍር ለእንግዳ።

አዲሱ ግን ይሰፍራል። አየሩን ያሸታል፣
የውሃውን ሙቀት፣ የጭሱን ወሬ ይጠይቃል፣
በሰከንድ ሽራፊ አስቦ ይረጫል።
ብቻ ግፊት ይወዳል፣ እዚህ ላይ ነው ጣጣው፤
የዱሮው ፖምፓ በስድስት ያድራል፣ የዚህኛው ሃምሳ ስምንት ነው ጣሪያው።
ያን ግፊት በአሮጌ ጎማ ቱቦ የለቀቀ
የገዛ ቤቱን በክብሪት አሞቀ።

ስለዚህ ከሥር ጀመርኩ፣ ከሰልባቲዮው።
ጀርባዬን ለሲሚንቶው ሰጥቼ
የማቀፊያውን ቀበቶ ብሎን ስፈታ
የቀኙ እሺ አለ፣
የግራው ቀጭ! አለና እጄ ላይ ቀረ።
ሰልባቲዮውን አወረድኩት።
ጣሪያው ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ብርሃን ያላየ ቦታ፣
በቅባት እርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣
«የግራውን ብሎን አትመን። ጥርሱ አልቋል።
ኦረስት፣ 1974።»

ሳቅሁ፣ እዚያው ተጋድሜ።
ምክሩ የሚነበበው ብሎኑ ከተሰበረ በኋላ ነው።
ወይዘሮ ዳርካን ጠርቼ አሳየኋቸው።
ጓንታቸውን አውልቀው ፊደሉን በጣት ዳሰሱና
«እንዲህ ነበር» አሉ፤
«ነገር ካለፈ በኋላ ነው የሚነግረኝ።»

አዲሱ ሰልባቲዮ ፖምፓውን በሆዱ ይዟል፣
በሚገፋው ቤንዚን ውስጥ ጠልቆ፣ በዚያው ይበርዳል።
አንድ ቱቦ ወደ ሞተር ዘረጋሁ፣ አጠገቡ ሁለተኛ፤
በርጩማ ስበው ያያሉ፣ ሻያቸውን እንደያዙ፣ ልክ እንደ ዳኛ።
«ይሄኛውስ ለምንድን ነው?»
«መላሽ ነው» አልኳቸው፤ «ሞተሩ የጠማውን ጠጥቶ
የተረፈው ወደ መጣበት ይሄዳል፣ ዞሮ ገብቶ።»
«ይመለሳል?»
«ይመለሳል።»
ሻያቸውን አዩ። «ቱቦ ከሰው ተሻለ በሉኛ» አሉ።
እኔ ፋሻታውን አጠበቅሁ፣
ከሚገባው በላይ ሁለት ዙር አጠበቅሁ።

መጀመሪያ አልተነሳችም። ጥፋቱ የኔ ነው፣
የመሬቱን ሽቦ ያሰርኩት ቀለም ላይ ነው፤
ቀለም መልእክት አያሻግርም። ፋቅሁት፣ ብረቱ ነጭ እስኪል፣
እንደገና አሰርኩት።

ሰልባቲዮውን ከመስቀሌ በፊት ጣሪያው ላይ ጽፌ ነበር፣
በራሴ ፊደል፣ «የግራው ብሎን አዲስ ነው። መላሹ በቀኝ።»
ማን ያነበዋል? እንጃ።
እሱም አንድ ነገር ሰብሮ ነው የሚያገኘው።

«እግርዎን አያስገቡ፤ ቁልፉን ብቻ» አልኳቸው።
ራሳቸውን ነቀነቁ።
ከኋላ ፖምፓው እንደ ንብ እም አለ፣ ዝም አለ።
ውጭ ሠላሳ ከዜሮ በታች ነው።
ወይዘሮ ዳርካ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣
መርገጫውን አንድ፣
ሁለት፣
ትንሽ ቆይተው ሦስት።
ኮምፒውተሩ ርግጫውን አየ፣ ምንም አላለም።
እኔም።